የዳለቻ መጽሐፍ

(ጨፋ ሮቢት ላይ ለተሰበሰቡ ታዳሚዎች የቀረበ ዲስኩር)

  



ንግግሬን የምጀምረው ከከብት ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ላሙ ስትጠፋበት «ጥቁር ላም ያየ አለ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። ጉራቻ ናት፣ ቡሬ ናት፣ ዳለቻ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል አድርጎባታል ይላል። የሚሰማውም እረኛ ወዲያው ትታየዋለች። በጥቁርና በነጭ መካከል ስንት መልክ እንዳለ እንደ ከብት ጠባቂ የሚያውቅ ሰው የለም። ዳለቻ ራሱ አንድ መልክ አይደለም። የአመድ ዳለቻ አለ፣ የጧት ጉም ዳለቻ አለ፣ ዝናብ ያዘለ ደመና ዳለቻ አለ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ትልቅ መጽሐፍ የዳለቻ መጽሐፍ ነው። 520 ገጾች አሉት። ተራራ፣ በረዶ፣ በረሃ፣ ወንዝና ደን ሞልቶበታል፤ ከጥቁር፣ ከነጭና በመካከላቸው ካለው መልክ በቀር ሌላ ቀለም ግን አታገኙበትም። ስሙ «ጄነሲስ» ይባላል፤ ዘፍጥረት ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ፎቶዎቹን ያነሳው ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ሲሆን፣ መርጣ፣ አሰናድታና ቅርጽ ሰጥታ መጽሐፍ ያደረገቻቸው ሚስቱ ሌሊያ ዋኒክ ሳልጋዶ ናት። ሳልጋዶ ግንቦት 15 ቀን 2017 በ81 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ይህን መጽሐፍ ወደ ጨፋ ይዤው የመጣሁት ሰውየው የወሎን መሬት ሁለት ጊዜ ስላየ ነው። ሁለቱ እይታዎች በጣም ይለያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ለእኛ ትምህርት አለው።

ሳልጋዶ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1944 አይሞሬስ በምትባል የብራዚል ከተማ ነው። አባቱ ከብት አርቢ ነበር። እሱ ግን ምጣኔ ሀብት ተምሮ ለንደን ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ተቀጠረ፤ በሥራው ምክንያትም ወደ አፍሪካ ይመላለስ ጀመር። ሌሊያ ለሥነ ሕንፃ ትምህርቷ የገዛቻት ካሜራ በእጁ ነበረች። ቀስ በቀስ ከሚጽፈው ሪፖርት ይልቅ የሚያነሳው ፎቶ ልቡን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደመወዙን ትቶ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ከቡና ተነስቶ ወደ ፎቶ መጣ ማለት ነው።

ከእኛ ጋር የተገናኘው በ77ቱ ድርቅ ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ያሳየው የኮረም ዘገባ፣ ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን በካሜራው የቀረጸው፣ ዓለምን ሁሉ አስደነገጠ። ሳልጋዶም በዚያው ዘመን ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር ሲሠራ ኮረም ገብቶ በጥቁርና ነጭ ፊልም ፎቶ አነሳ። ባቲም እንደ ኮረም የመጠለያ ሰፈር ነበረባት። ከእናንተ መካከል ያንን ያያችሁ፣ የቀበራችሁ፣ የተረፋችሁ ትኖራላችሁ፤ ስለዚያ እኔ ለእናንተ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም።

ስለ ፎቶዎቹ ግን አንድ ነገር ልበል። ከዚያ ዘመን ፎቶዎች በሰው ልብ የቀረው የሰው ፊት ነው። መሬቱም ከኋላ ይታያል፤ የሚታየው ግን እንደ ጥፋተኛ ነው። ደረቅ፣ አቧራማ፣ ልጆቹን የከዳ መሬት ሆኖ ይታያል። ለብዙ ዓመታት ብዙው ዓለም ወሎን ያወቀው በዚያ ምስል ነው። የሰዎቹ መከራ እውነት ነበር። መሬቱ ግን የራሱን ቃል አልሰጠም።

ሳልጋዶ ከዚያ በኋላ ብዙ ስደትና ጦርነት ፎቶ አነሳ። ሩዋንዳ ውስጥ ያየው እልቂት ልቡን ሰበረው፤ ሰውነቱም ታመመ፤ ካሜራውን እስከ መተው ደረሰ። ወደ አባቱ እርሻ ሲመለስ ደግሞ መሬቱም ታሞ አገኘው። በልጅነቱ ደን የነበረው ቦታ ተራቁቷል፤ ምንጮቹ ደርቀዋል። ደኑን መልሰን እንትከል የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው ሌሊያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንስቲቱቶ ቴራ የተባለ ተቋም መሠረቱ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ። የደረቁት ምንጮች ፈለቁ፤ ወፉም አውሬውም ተመለሰ። መሬቱ ሲያገግም ሰውየውም አገገመ። እንደገና ካሜራ ያነሳው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፊቱን ወደ መሬት አዞረ።

«ጄነሲስ» የተሠራው በዚህ መልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ከ30 በላይ ጉዞዎችን ጠይቋል። ከጉዞዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳልጋዶ ረዳቶችና የጭነት አህዮች አስከትሎ ከላሊበላ እስከ ስሜን ተራሮች በእግሩ ተጓዘ። መንገዱ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ልብ በሉ፤ በ1977 በወሎ ሞትን ያየው ሰው፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ጉዞውን የጀመረው እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው ተራራን በመስኮት ያያል፤ በእግሩ የሚወጣው በጉልበቱ ያውቀዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የስሜንን ገደሎች ስትመለከቱ ይህ የጉልበት እውቀት ይታያችኋል። ገደሉ አንዱ ከሌላው ኋላ ይደረደራል፤ ቅርቡ ጥቁር፣ ቀጣዩ ዳለቻ፣ የመጨረሻው ከሰማይ ጋር የተቀላቀለ ነው። ርቀት በእግር ሲኬድ የሚሰማው እንዲህ ነው።

አሁን አብረን ጥቂት ገጽ እንግለጥ።

ይህ የጋላፓጎስ ደሴቶች የባሕር ኢጉዋና እጅ ነው፤ የትልቅ እንሽላሊት እጅ በሉት። ቀለሙ ሲወገድ የቀረው ቅርፊቱና ጣቶቹ ናቸው። የጥንት ጦረኛ የብረት ጓንት ይመስላል። በቀለም ቢሆን ኖሮ «እንሽላሊት» ብለን እናልፈው ነበር። በጥቁርና ነጭ ግን ዓይናችን ይቆማል፤ ከእንስሳው ጋርም የእጅ ዝምድና እንዳለን ትዝ ይለናል።

ይህ ደግሞ የዲንካ ሕዝብ የከብት ሰፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር፣ አማክ በሚባል ቦታ የተነሳ ነው። ጭሱ መሬቱን ሸፍኖታል፤ ረጃጅሞቹ ቀንዶች ከጭሱ በላይ ይታያሉ፤ ሰዎቹ በመካከል ይመላለሳሉ። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ ሕልም ይመስላል ይላል። እናንተ ስታዩት ግን ጭሱ ለምን እንደተጫረ ታውቃላችሁ፤ ዝንብና ትንኝ ከከብቱ ላይ ለማባረር ነው። የሰዓቱ ነገርም አይጠፋችሁም፤ ከብት የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። ይህን ፎቶ ከብዙ ሃያሲ ይልቅ እዚህ ከኋላ የተቀመጠው እረኛ በደንብ ያነበዋል። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ ፎቶግራፍ የሚያደንቅ ዓይን ትምህርት ቤት ብቻ የሚሰጠው ዓይን እንዳልሆነ ስለማምን ነው።

ሳልጋዶ ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳው ፀሐይን ከፊቱ አድርጎ ነው። ፎቶ ቤት ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህ እንደ ስህተት የሚቆጠር መሆኑን ያውቃል፤ ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ መሆን አለባት ይባላል። እሱ ስለ ልጅነቱ ሲናገር ግን፣ ያደገው ፀሐይ በሚበረታበት አገር ስለሆነ ሁልጊዜ ጥላ ሥር ተቀምጦ አባቱ ከፀሐዩ ውስጥ ሲመጣ ያይ እንደነበር ይናገር ነበር። ጨፋ ላይ ማታ ከብት ሲገባ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙራችሁ የቆማችሁ ሁሉ ይህን ብርሃን ታውቁታላችሁ። አቧራው ይበራል፤ ከብቱ ጥቁር ይሆናል፤ የጀርባው ጠርዝ ብቻ ነጭ መስመር ይሠራል። የሳልጋዶ ብርሃን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ጥቁርና ነጭ የድህነት ወይም የድሮ ዘመን ፎቶ ብቻ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። እንደዚያ አይደለም። ሳልጋዶ የዚህን መጽሐፍ ሥራ በፊልም ጀምሮ በመሀሉ ወደ ዲጂታል ካሜራ ተሻግሯል፤ ጥቁርና ነጩን ግን አልተወም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ ደግሞ ከባልደረባው ፍሬድ አርቸር ጋር ከድፍን ጥቁር እስከ ንጹሕ ነጭ ያለውን መንገድ በ11 ደረጃ ከፍሎ አስተምሯል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ይህ ድንጋይ ስንተኛው ደረጃ ላይ ይውላል፣ ይህ ደመናስ ብሎ ይመዝናል። በሌንሱ ላይ ቀይ መስታወት ቢያደርግ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ደመናውም እንደ ተፈተለ ጥጥ ጎልቶ ይወጣል። ፎቶው ሲታጠብም አንዱን ጥግ ያጠቁራል፣ ሌላውን ያበራል። ይህ የምዘና ጥበብ ነው። እረኛው ዳለቻን ከዳለቻ እንደሚለይ፣ እሱም ጥላን ከጥላ ይለያል።

የሚያጎድለውንም ልናገር። ለጨፋ ሰው አረንጓዴ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የዝናብ ምስክር ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለምለሙን ሣር ከደረቀው ለይቶ ላይነግረን ይችላል። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ሁሉንም ነገር አይናገርም። የሚናገረው የመሬትን አጥንት ነው፤ ቁልቁለቱን፣ ጥላውን፣ ውሃው የሄደበትን መንገድ።

እወደዋለሁ ስል የምከራከረው ነገር የለም ማለቴም አይደለም። ሁለት ነገር እከራከረዋለሁ።

የመጀመሪያው ስለ መጽሐፉ ስም ነው። ሳልጋዶ ከመሬት ገጽ 46 በመቶ የሚሆነው ገና እንደ ፍጥረት ቀን አለ ይል ነበር። ንግግሩ ተስፋ ያዘለ ነው፤ ደስ ይላል። እኛ አገር ግን መሬት ያለ ሰው ታሪክ የለውም። እሱ እ.ኤ.አ. በ2008 በስሜን ሲያልፍ ግጭ በተባለችው መንደር ሰዎች ገብስ ያርሱ ነበር፤ ነዋሪዎቿ ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ የተዛወሩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የስሜን ውበት ከዋልያውና ከጭላዳው ጋር የገበሬውም የእግር መንገድ ያለበት ውበት ነው። ጨፋም እንዲሁ ነው። ይህ ሜዳ ሜዳ ሆኖ የቆየው ሰው ስላልነካው ሳይሆን፣ ማን መቼ እንደሚገባና የት እንደሚያጠጣ ሽማግሌዎች ተማክረው ስለኖሩበት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ሣር የለበሰ እርጥብ ሜዳ ነው፤ የሚመከርበት ጉባኤም ጨፌ ይባላል። ሣሩና ምክሩ አንድ ስም አላቸው።

ሁለተኛው ክርክሬ ስለ ሌሎች ስሞች ነው። ደራሲዋ ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ ሳልጋዶን የነቀፈችው የስደተኞችን ፎቶ ያለ ስማቸው በማቅረቡ ነበር። የሰው ፊት ያለ ስሙ ሲቀርብ ሰውየው ሰው መሆኑ ይቀርና የመከራ ምሳሌ ይሆናል። እኔ ይህን ነቀፋ ወደ መሬትም አሻግረዋለሁ። በፎቶ መጻሕፍት ግርጌ የምናገኘው ብዙ ጊዜ የተራራ ሰንሰለቱ፣ የአገሩና የዓመቱ ስም ነው። እዚያ የሚኖር ሰው ግን እያንዳንዱን ምንጭ፣ እያንዳንዱን ዋርካ፣ እያንዳንዱን መሻገሪያ በስሙ ይጠራል። ፎቶው ያያል፤ ነዋሪው ይሰይማል። ስም የሌለው የመሬት ፎቶ ግማሽ ምስክር ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው።

ምስክር የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት የመሐንዲሶች ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ከባሕሩ ዳር እስከ መቅደላ ያለውን አገር በትልልቅ ካሜራና በመስታወት ላይ በሚሠራ ኔጋቲቭ አነሱት። የመጡት ለጦርነት ነበር፤ ለመሬታችን ፍቅር ኖሯቸው አልነበረም። ከ140 ዓመት በኋላ ግን ቤልጂየማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰንና ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባልደረቦቹ እነዚያኑ ፎቶዎች ይዘው ሰሜን ኢትዮጵያ ገቡ። ጥንት ካሜራው የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ ያንኑ ተራራ እንደገና አነሱት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ያገኙት ያልተጠበቀ ነበር። በ1860 መሬቱ ተራቁቶ ነበር፤ ጥናቱ ሲካሄድ ግን ባነጻጸሯቸው በብዙዎቹ ቦታዎች የተሻለ ዛፍና ቁጥቋጦ ነበር፤ ገበሬው እርከን ስለሠራና ኮረብታውን ስለከለለ ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። መሬታችን ከዓመት ዓመት እየሞተ ብቻ ነው የሄደው ለሚለው ንግግር መልስ የሰጠው አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሆነ። መልስ መስጠት የቻለውም ቦታው የት እንደሆነ መለየት ስለተቻለ ነው።

የፎቶ መጽሐፍ መሬትን ሲጠብቅም ታይቷል። የጠቀስኩት አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1938 በ500 ቅጂ ብቻ ያሳተመው የሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ ለአሜሪካ ባለሥልጣናት ደርሶ ነበር። ለኪንግስ ካንየን የተደረገውን ትግል አገዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። አያት ቆመዋል፤ አባት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ብዙ ጊዜ መጋረጃ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ወይም የአበባ አትክልት አለ። ሕዝባችን ፎቶ ሲነሳ ከኋላው መሬት እንዲኖር ይፈልግ ነበር ማለት ነው። የሚያምር መሬት ግን ሌላ ቦታ ያለ ስለመሰለን በሸራ አስሳልነው። በዚያው ሰዓት በውጭ የቦርከና ወንዝ ይፈስ ነበር።

ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ይህን ሜዳ ያረሰርሳል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በዓፋር ምድር ይቀራል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የዓፋር፣ የኦሮሞ፣ የአርጎባና የአማራ ከብት እዚህ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2002፣ በዚያ የድርቅ ዓመት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ጊዜ ክፍል በኩል የወጣ አንድ ጥናት ጨፋን የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መሸሸጊያ ብሎ ጠራው። በ77 የወሎ መሬት በፎቶ እንደ ጥፋተኛ ታየ ብያለሁ። ይህ ሜዳ ግን በክፉ ቀን ሰውንም ከብትንም ያስጠለለ መሬት ነው። ለዚህ ደግነቱ ምስክር ይገባዋል። ቀጤማው ወደ እርሻ ሲለወጥ፣ ውሃው ሲርቅ ወይም ሲመለስ፣ ልጆቻችን ከ100 ዓመት በኋላ ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያዩት ነገር ሊኖራቸው ይገባል።

ለዚህ የሳልጋዶ ካሜራ አያስፈልግም። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች በኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። አንድ ቦታ ምረጡ፤ ወር በገባ ቁጥር እዚያው ቁሙ፤ ፊታችሁን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጋችሁ አንሱ። ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ሽማግሌ ውሰዱና ስሙን ጠይቁ።

እኔም ጀምሬዋለሁ። ከመጽሐፉ ጎን አንድ ፎቶ አለ። ባለፈው በጋ በጧት ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ ያነሳሁት የዚህ ሜዳ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ጉም አለበት፤ ውሃ አለበት፤ ከሩቅ ከብት አለበት፤ ሦስት ዛፎችም አሉ። እኔ ስማቸውን አላውቅም። አጠገቡ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። አባቶችና እናቶች ይናገሩ፤ ልጆች ይጻፉ። በኦሮምኛ ይሁን፣ በአማርኛ፣ በዓፋርኛ፣ በአርጎብኛ፤ አንድ ቦታ ሦስት ስም ካለው ሦስቱም ይጻፍ።

ሳልጋዶ ከላሊበላ እስከ ስሜን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተራመደ። ከእናንተ ወንበር እስከዚህ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ነው። ኑ፣ ዛፎቹን በስማቸው ጥሩልኝ።